ሰይድና የአንቴናው ምሰሶ

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ከአስፋልቱ እስከ ሰፈሬ ያለችውን ዳገት እንኳ ያለ ባጃጅ አልደፍራትም። ትንሽ እንደሄድን ሁለት ጎረምሶች ከአይሱዙ ላይ ቁም ሳጥን ሲያወርዱ መንገዱን ዘግተውት ቆምን። አንደኛው በእሱ በኩል ያለው ጫፍ ከእጁ አመለጠውና ቁም ሳጥኑ በአፍ ጢሙ ተደፋ። ይሄኔ የባጃጁ ሾፌር አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ እየሳቀ፣ "ምነው አንተ፣ እንደ ሰይድ ትለቃለህ እንዴ?" አለው። ጎረምሶቹም ሳቁ። እኔ ግን ወላሂ ደሜ ፈላ። የትኛው ሰይድ ነው ብዬ ጠየቅሁት። አይ አዴ፣ አባባል ነው፣ ድሮ የያዘውን የሚለቅ አንድ ሰይድ የሚባል ሰው ነበር አሉ፣ አለኝ። ልብ በሉ፣ ይሄ ልጅ ያኔ አልተወለደም። እናቱ ራሷ ያኔ ልጃገረድ ነበረች፣ አውቃታለሁ። ሰይድ የእናቴ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሜ ነው፣ አውርደኝ አልኩት። ልጁ ደነገጠ፤ አፉ በይኝ አዴ፣ አላወቅሁም እያለ በዝግታ ተከተለኝ። እሱ ምን ያድርግ፣ የተቀበለውን ነው የተናገረው። እኔ ግን ዳገቱን በእግሬ፣ ዘንቢሌን ተሸክሜ፣ ከራሴ ጋር እየተጣላሁ ወጣሁት።

አባባሉን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ነገሩን ግን አያውቀውም፤ የሚያውቁትም አፋቸውን ዘግተው እያረጁ ነው። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፣ በገዛ ሻይ ቤቴ በር ላይ ቆሜ። እንግዲህ የሚሰማ ይስማ።

ያኔ ከሚሴ እንዲህ በፎቅና በመስታወት አልተሞላችም። አስፋልቱ አንድ ነው፤ የአዲስ አበባና የደሴ መኪና እሱን ይዞ ያልፋል፣ እኛም ግራና ቀኙ ላይ ተቀምጠን ከሚያልፈው እንበላለን። መንግሥት ተለውጦ፣ ወታደሩም ወደየቤቱ ተመልሶ፣ ሰው ምን ሊመጣ ነው እያለ የሚጠባበቅበት ዘመን ነበር። ባጃጅ የሚባል ነገር የለም፣ ጋሪ ነው። ሻይ በስሙኒ እሸጥ ነበር። በስሙኒ! ዛሬ በስሙኒ ክብሪት እንጨት አንድ ፍሬ እንኳ የሚሰጥ የለም። ሳምቡሳዬን ምስር በቃሪያ ሞልቼ ስጠብስ ሽታው እስከ መናኸሪያው ይሄድ ነበር፤ የአውቶቡስ ረዳቶች ሽታውን ተከትለው ነው የሚመጡት። ወንዱ ሽርጥ ታጥቆ፣ ከላይ ኮት ደርቦ፣ ኮንጎ ጫማውን ተጫምቶ ይመጣና ሻዩን እስከ ግማሽ በስኳር ሞልቶ ይቀመጣል። ከጎኔ ካሴት የሚቀዳ ልጅ ነበር፤ ጠዋት መንዙማ ይከፍታል፣ ከሰዓት ዘፈን ይከፍታል፤ ረመዳን ሲገባ ዘፈኑን ጠቅልሎ አልጋ ሥር ይከተዋል። ዒድ ሲሆን መልሶ ያወጣዋል። ማንም ምን ሠራህ አይለውም ነበር። ዛሬ ያ ሱቅ የሞባይል መሸፈኛ ይሸጥበታል፤ ባለቤቱም ጆሮው ላይ ሽቦ ሰክቶ ሰው ሲያናግረው አይሰማም።

ገበያዬ የደራው ግን በሻዩ አልነበረም፣ በቴሌቪዥኑ ነው። ባለቤቴ ኡመር ከደሴ ያመጣው ጥቁርና ነጭ፣ በር ያለው፣ በቁልፍ የሚቆለፍ ቴሌቪዥን ነበረን። ከተማችን ተራራ ተደግፋ ስለተቀመጠች ድምፁ ይመጣል፣ ምስሉ ግን ጉንዳን የወረረው ይመስል ነበር። ኡመር ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር እልህ ያስይዘዋል። ባህር ኃይል ነበር፤ ዕድሜውን ምፅዋ ጨርሶ፣ መርከቡም ባህሩም ከእጁ ሲወጣ በባዶ እጁ ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ነው። ወሬው ሁሉ ባህር ነው። ቦርከናን እንኳ ክረምት ሞልቶ ሰው ሲፈራው፣ እሱ በንቀት ነበር የሚያየው። አንድ ቀን ሁለት ረጃጅም ባህር ዛፍ በጋሪ አስጎትቶ መጣ። ጫፋቸውን ጠርቦ አጋጠመ፣ በብረት ቀለበት አሰረ፣ አናቱ ላይ አንቴናውን ሰካ፣ ከሻይ ቤታችን ጎን፣ መንገዱ ዳር አቆመው። ከመስጊዱ ሚናራ በቀር በከተማው የሚበልጠው አልነበረም። ጉንዳኑ ጠፋ። የዓለም ዋንጫ የመጣ ጊዜ ከጨፋ ሮቢት ድረስ በእግሩ የመጣ ሰው በሬን ሞልቶ፣ መስኮቴን ሞልቶ፣ የጎረቤት አጥር ላይ ተንጠልጥሎ አይቷል።

ያ ምሰሶ ግን መቆም ብቻ አልነበረም ሥራው። አንቴናው በነፋስ ይዞራል፣ አሞራ ይቀመጥበታል፣ ክረምት ሲመጣ መብረቅ ይፈራለታል። ስለዚህ በየጊዜው መውረድ ነበረበት። ማውረዱን ኡመር የተማረው ከመርከብ አይደለም፤ የጦር መርከብ ምሰሶ ብረት ነው፣ አይነካም። የተማረው ምፅዋ ወደብ ላይ ሸራ ከሚወጥሩ ትንንሽ ጀልባ ካላቸው ሰዎች ነው። እነሱ ጀልባዋ ለጥገና ስትወጣ ምሰሶዋን አንስተው ጎኗ ላይ ያስተኙታል። ምሰሶ ቆሞ ሰው አይገድልም፣ ተኝቶም አይገድልም፤ የሚገድለው በመሃል ነው፣ ይል ነበር ኡመር። ሺ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

እንዲህ ነበር የሚወርደው። የምሰሶው ሥር አልተቀበረም፤ ሁለት አጫጭር የወይራ ጉቶ ተቀብረው በመሃላቸው ይቆማል፣ ሦስቱንም ወፍራም ብሎን ሰንጥቆ ያልፋል። ስለዚህ ሲወርድ እንደ በር ይታጠፋል እንጂ አይነቀልም፣ አይራገጥምም። ጠዋት ነው የሚወርደው፣ ከሰዓት የጨፋ ነፋስ ይነሳል። መጀመሪያ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚገባው ሽቦ ይፈታል፣ አለበለዚያ እሱ ይይዝና ይጎትታል። ከዚያ ገመድ ከምሰሶው አንገት ታስሮ ወደ ኋላ ይመጣና መንገዱ ዳር ያለው ግራር ግንድ ላይ ይጠመጠማል። ክብደቱን የሚሸከመው ግራሩ ነው፤ የገመዱን ጫፍ የያዘው ሰው ሥራ በጥቂት በጥቂቱ ማላላት ብቻ ነው። ሁለት ሰው በግራና በቀኝ የጎን ሽቦውን ይይዛል፣ ወዲያ ወዲህ እንዳይወላገድ። ባላ የያዙ ደግሞ ከፊት፣ መስመሩ ላይ ሳይሆን ከመስመሩ ጎን ይቆማሉ፤ ጎንበስ ሲልላቸው በባላው ተቀብለው ያሳርፉታል። እንጨቱ በሚወድቅበት መስመር ላይ ድመት እንኳ አታልፍም። ሥራው ሳይጀመር ፋቲሃ ይቀራል፣ ሰሉ አለ ነቢ ይባላል፣ ከዚያ በኋላ ግን የሚናገረው ኡመር ብቻ ነው። ትዕዛዙም በኦሮምኛ ሁለት ቃል ናት፤ ቀቢ ካለ ያዝ፣ ሱታ ካለ ቀስ። ሌላው ሁሉ አፉን ይዘጋል።

አንዲት ሌላ ሕግ ነበረችው፤ ሰው ያጉረመረመባት። እንጨቱ አየር ላይ ሳለ እጅ አይሰጥም። በእኛ አገር ሰላምታ ቀልድ አይደለም። ሰው ከሰው ሲገናኝ እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ አንዱ የአንዱን እጅ ስሞ፣ አካም ነጋ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ፣ ዝናቡስ ሲባል ሻይ ይቀዘቅዛል። ትልቅ ሰው እጁን ዘርግቶ ካልተቀበልከው ደግሞ በአደባባይ ሰደብከው ማለት ነው። እና ይሄ ባህረኛ ሰላምታ ከለከለን ተባለ። ነገሩ የመስጊዱ ሼህ ዘንድ ደረሰ። ሼሁ፣ አላህ ይዘንላቸው፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው በአፉ ከመለሰ ይበቃዋል፣ እጁን ግድ አይባልም አሉ። ይህን ሁሉም ሰምቷል። ጎረቤታችን ሀጂ ይማምም ሰምተዋል። አልሰማሁም የሚል ካለ እኔ አለሁ።

የገመዱን ጫፍ ሁልጊዜ የሚይዘው ሰይድ ነበር። ሙያው ነው፤ መናኸሪያው ዳር የጭነት መኪና ላይ ዕቃ የሚያስር ሰው ነበር፤ የእሱን ቋጠሮ የደሴ ሾፌር ሳይነካው አዲስ አበባ ይደርሳል። ደግሞ ጨዋ ነው። አባቴ ሁላችንንም በሥነ ሥርዓት ነው ያሳደገን፣ ሰይድ ግን ይበዛበታል፤ ታላቅ ሲመጣ ከመቀመጫው ብቻ አይደለም፣ ከእንቅልፉ ይነሳል። ሲናገሩት አንገቱን ይደፋል፣ ሲያመሰግኑት ያፍራል። ያን ምሰሶ ስንትና ስንት ጊዜ በእጁ ሲያወርደው በአንድ ሰው ላይ እንኳ አቧራ አላስነሳም።

ሀጂ ይማም የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ከእኛ ቀጥሎ ያለው ትልቁ ሱቅ የሳቸው ነበር፤ ያኔ ፖሊስተር የገባበት ጊዜ ነው፣ የሠርግ ልብስ የሚፈልግ ሁሉ እሳቸው ጋ ነበር የሚመጣው። በረንዳቸው ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ሲንጀሩን ዘርግቶ ይሠራል፤ ጨርቅ ከሳቸው ተገዝቶ እሱ ጋ ይሰፋል። ሀጂ ክፉ ሰው አልነበሩም። የሚያናድደኝም ይሄ ነው፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ረግሜ እተወው ነበር። ድሃ ይጠይቃሉ፣ ለመስጊድ ይሰጣሉ። ግን ሲያልፉ ሰው እንዲነሳላቸው ይወዳሉ። ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ሽቶአቸው ቀድሟቸው፣ እጃቸውን ዘርግተው በአስፋልቱ ዳር ሲሄዱ፣ አንድ ሰው ሳይስማት ያቺ እጅ አትመለስም። አሁንም አንቱ ነው የምላቸው። አስተዳደጌ ሆኖ ነው እንጂ አንጀቴ እንደዚያ አይልም።

ሀጂ ፎቅ ሊሠሩ ተነሱ። የምሰሶአችን የጎን ሽቦ መሬታቸው ውስጥ ስለሚገባ አንሱልኝ አሉን። ቅር አላለንም፤ ያኔ ማሰራጫው ተሻሽሎ በአጭር አንቴናም ምስል መምጣት ጀምሯል። ኡመር ገበያ ባልሆነ ቀን፣ በጠዋት እናውርደው አለ። ሀጂ ግን የግንበኛው ሠራተኛ ተነገወዲያ ይገባል፣ ነገ ይውረድ አሉ። ነገ የገበያ ቀን ነው። ቃጫ ገመዳችን አርጅቶ ስለነበር ከሱቃቸው አዲስ የናይለን ገመድ ላኩልን፣ ቢጫ፣ የሚያብረቀርቅ። ኡመር በመዳፉ አሻሸውና ፊቱን አጠቆረ። ይሄ ያንሸራትታል፣ ሦስት ዙር ይፈልጋል አለ። ለሦስት ዙር ርዝመቱ አልበቃም። ሁለት ዙር ተጠመጠመ። ሰይድን ጠራና ዛሬ ሁለቱም እጅህ የገመዱ ነው አለው። ይህችንም ሰምቻለሁ፤ ጀበናዬን ይዤ በር ላይ ነበርኩ።

ፋቲሃ ተቀራ። ሁሉም ቦታውን ያዘ። ልብስ ሰፊው ጎረቤት ስለሆነ ባላ ይዞ ከፊት ቆመ። ሰዉ ወደ ገበያ እየሄደ፣ በግ እየጎተተ፣ ጤፉን አህያ ላይ እንደጫነ ቆሞ ያያል። ኡመር ሱታ፣ ሱታ ይላል፣ ምሰሶው ሰማዩን ለቆ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ገመዱ ግራሩ ላይ ሲያልፍ ሲጥ ሲጥ ይላል። ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ፣ ያ የሚገድልበት ቦታ ላይ፣ ሀጂ ከደሴ የመጡ ሁለት ነጋዴ እንግዶች ይዘው ከሱቃቸው ወጡ። ፎቁ የሚቆምበትን ሊያሳዩአቸው ነው። ቆሞ የሚያየው ሰው መንገድ ለቀቀላቸው፣ እጃቸውን ሳመ። እንደዚያ እያሉ፣ አሰላሙ አለይኩም እያሉ፣ ግራሩ ሥር ሰይድ ጋ ደረሱ። እጃቸውን ዘረጉ። ሰይድ አንገቱን ደፍቶ ወአለይኩም ሰላም አለ፣ እጁን ግን ከገመዱ አላነሳም። እሳቸውም እጃቸውን አልመለሱም። እንግዶቹ ቆመው ያያሉ። ኡመር ከወዲያ ቀቢ! ብሎ ጮኸ።

"ምነው ሰይድ፣ እጅህን ትነሳኛለህ?" አሉት።

ይችን ቃል ስንት ሰው ሰማት? ቢያንስ መንገዱን የሞላው ሰው። ሰይድ ወደ ኡመር አየ፣ ወደ ሀጂ እጅ አየ። ገመዱን ግራ እጁ ላይ ጠምዝዞ፣ ቀኙን ሰጠ፣ ጎንበስ ብሎ ሳመ። ናይለን ነው፣ አይራራም። አንድ እጅ አልቻለውም። ገመዱ ሄደ። ልብስ ሰፊው ሊያይ ብሎ መስመሩ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ምሰሶው ሲመጣ ባላውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ኡመር ሮጦ በደረቱ ገፋው። ልብስ ሰፊው ተረፈ። ምሰሶው የባሌን ጭን ሰበረ። ሰው ሲጮህ፣ እኔ ስሮጥ፣ ወደ ሰይድ አየሁ። ገመዱ አሁንም ግራ እጁ ላይ ነበር። መዳፉን ልጦት፣ ሥጋውን ቦጭቆት፣ ደሙ ሽርጡ ላይ ይወርዳል። አሁን እስቲ ንገሩኝ፣ የለቀቀ ሰው እጁ ይላጣል? እንዴት ነው አንድም ሰው ያን እጅ ያላየው?

ኡመር ደሴ ሆስፒታል ከረመ። ሲወጣ አንድ እግሩ አጥሮ ነው የወጣው። ከዚያ ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ኡመርና ሰይድን ለማስታረቅ። ያልተጣሉ ሰዎች! የተቀመጡት ሀጂ ይማም ሳሎን ነው፣ ምንጣፉ ላይ፤ ከሽማግሌዎቹ ቀዳሚው ራሳቸው ሀጂ ይማም። እንዲህ ያለ ጉድ የት አገር ታይቷል? እኛ ሴቶች ከመጋረጃው ወዲያ ነን። ሽማግሌዎቹ ጥንቃቄ ስለ ጎደለው እጅ፣ ስለ አላህ ውሳኔ፣ ስለ ቀደር፣ ስለ ወጣት ችኮላ ተናገሩ። ከዚያ ኡመርን ምን ትላለህ አሉት። ምርኩዙን ይዞ ቀና አለና፣ "እጅ የሰጠውን ተዉት፤ እጅ የጠየቀውን ጠይቁ" አለ።

ሀጂ ፂማቸውን እያሻሹ፣ በሰላምታ ሰው ይከሰሳል እንዴ፣ ሰላምታ ሱና አይደለም እንዴ አሉ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልብስ ሰፊው እዚያው ነበር፤ ነፍሱን ያተረፈለት ሰው ምርኩዝ ይዞ ፊቱ ተቀምጧል፤ እሱ ግን አቀርቅሮ ምንጣፉን ይቆጥራል። በረንዳዋን አሰበ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኜ፣ ምነው አንተ፣ የሀጂን ቃል ሰምተህ የለም ወይ ብዬ ጮህኩ። ሴት በሽምግልና አትገባም ተባልኩ። ይሄኔ ሰይድ ተነሳ፤ ግራ እጁ በጨርቅ ተጠምጥሟል። ሽማግሌ እንዳይጨነቅ፣ ትልቅ ሰው እንዳያፍር ብሎ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አፉ በሉኝ አለ። አፉ ተባለ፣ በጉ ታረደ፣ ተበላ። እኔ አንዲት ጉርሻ አልቀመስኩም።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ምን ነበረበት። ከዚያ በኋላ ነው አባባሉ የመጣው። መጀመሪያ ልጆች ኳስ ሲያመልጣቸው አሉት። ከዚያ ጭነት የሚያወርዱት አሉት። ከዚያ ሾፌሮቹ በቀልድ፣ ሰይድ አንተ አታስርልኝ፣ ትለቅብኛለህ ማለት ጀመሩ። ቀልዱ ትንሽ ቆይቶ ቀልድ መሆኑ ቀረ። ቤት የሚሠራ ሰው ሰፈሩን ለጅጌ ሲጠራ፣ ጣሪያ የሚነሳ ጊዜ፣ ሰይድን ሳይጠራ ያልፍ ጀመር። በእኛ አገር ለምግብ አለመጠራት ይቻላል፤ ለሸክም አለመጠራት ግን ሰው አይደለህም ማለት ነው። እኔ እየነደድኩ እናገርልህ ስለው፣ ተይው እህቴ፣ ትልቅ ሰው ናቸው ይለኛል።

አባታችን የሞቱ ጊዜ ነው ተስፋዬ የተቆረጠው። ቃሬዛው ሊነሳ ወንዱ ሁሉ ለአጅሩ፣ ለአላህ ምንዳ ብሎ ይሻማል። ሰይድ የፊተኛውን ጫፍ ያዘ፣ ልጅ ነው፣ የማን ቦታ ነው? ልብስ ሰፊው ቀስ ብሎ፣ እንደ አዛኝ ሆኖ፣ እጁን በእጁ ላይ አደረገ።

"አንተ ተው ሰይድ፣ ጀናዛ ነው" አለው።

ወንድሜ እጁን አነሳ። የአባቱን ቃሬዛ በባዶ እጁ ከኋላ ተከትሎ ሄደ። ሰልስቱ ሳይሞላ ባቲ ገባ፤ እዚያ ሰው ይህን ወሬ አያውቅም። የሰኞ ገበያ ላይ ለአፋር ነጋዴዎች የግመል ጭነት ያስራል፣ ሚስትም እዚያው አገባ። እናቴ ልጇን ለማየት ሰኞ ሰኞ ሚኒባስ ተሳፍራ፣ ያን ሙቀት ችላ ትሄድ ነበር። ኋላ የገደላትን በሽታ ያባባሰው ያ መንገድ ነው ብዬ ነው የማምነው፤ ለማን ይከሰሳል?

ዓመታቱ እንደዚያ ሄዱ። የስሙኒው ሻይ ብር ሆነ፣ ብሩም አልበቃ አለው። ኮንጎ ጫማ ጠፋ። ጋሪው ለባጃጅ ቦታ ለቀቀ። ዛሬ ጣሪያው ሁሉ ላይ ዲሽ ተደፍቷል፤ አንድ ልጅ በመሰላል ይወጣና ብቻውን ሰክቶ ይወርዳል፣ ሰው ሰውን አይፈልግም። የሀጂ ፎቅ ሰማያዊ መስታወት ለብሶ ቆሟል፤ ግራሩ ተቆርጦ ቦታው ላይ ጁስ ቤት ተከፍቷል። ኡመር አሁንም አለ፣ አልሀምዱሊላህ፤ ግቢው ውስጥ ተቀምጦ በቴሌቪዥን መርከብ ሲያይ አሠራሩን ይተቻል። ሀጂም አርጅተዋል። ሲያልፉ እጃቸው አሁንም ቀድማቸው ትመጣለች፤ እኔ ባገኘኋቸው ቁጥር ሁለቱም እጄ ዕቃ ይዟል።

እናቴ የሞተች ጊዜ ሰይድ ከባቲ በጠዋት ደረሰ። ፂሙ ሸብቷል። ታጥባ ተከፍና ወጣች፣ ቃሬዛው ግቢው ውስጥ ተቀመጠ፣ ሰዉ ከበበው። ሀጂ ይማም በዚያ ዕድሜአቸው ለአጅሩ ብለው የፊተኛውን ጫፍ ይዘዋል። ሰይድ የት ነው? አጥሩ ሥር፣ ከሁሉ ኋላ። ማንም እንዳይመልሰው ራሱን አስቀድሞ መልሶ ቆሟል። ያን ሳይ አንድ ነገር ተቀደደብኝ። ሴት ናት ይበሉ፣ ዕብድ ናት ይበሉ ብዬ ሄጄ የግቢው በር ላይ ቆምኩ።

"ሰይድ ካልያዛት እናቴ ከዚህ ደጅ አትወጣም" አልኩ።

ሰዉ አጉረመረመ። ግማሹ ጀናዛ አይዘገይም፣ ግማሹ ኀዘን ነው፣ ተዉአት አለ። ኡመር ምርኩዙን ይዞ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። እኔ ዓይኔን ከሀጂ ላይ አላነሳሁም። እሳቸው መጀመሪያ ወደ መሬት አዩ። ከዚያ ወደ ሰይድ አዩ፣ እጁን ነው ያዩት፣ ግራውን። እጃቸውን ከቃሬዛው ላይ አነሱና፣ ና አሉት። ይህችኑ ብቻ። ያን ሁሉ ዓመት ጠብቄ፣ በአደባባይ የሚሉት ነገር ይቺ አንዲት ፊደል ሆነች! ቢሆንም ሰይድ መጣ። ያዘ። ከበሩ ዞር አልኩ።

እኛ ሴቶች መቃብር አንሄድም። የነገረኝ ኡመር ነው፣ በባጃጅ ተከትሎ ሄዶ ነበር። መንገዱ ሩቅ ነው። ሰዉ እንደ ወጉ ልቀበልህ እያለ ትከሻውን ሲነካው ሰይድ አልሰጥም አለ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ እሱ ተሸከማት። መቃብሩ ጋ ሲደርሱ ልጅ ነውና ወረደ። እሷ የምትወርድበትን ጨርቅ ከላይ የያዙት ሰዎች ልባቸው አላመነውም ነበር፣ ጨርቁን ጨምድደው ማላላት ፈሩ አለኝ ኡመር። ሰይድ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ፣ ቀና ሳይል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሱታ፣ ሱታ ይላቸው ነበር። እናቴን በሁለት ክንዱ ተቀበላት። መሬቱን መቼ እንደነካች ከላይ የቆመው ሰው አላወቀም።

ኡመር በራሱ የሚኮራ ሰው ነው፤ አብረን ስንኖር የሌላን ሰው ሥራ ሲያመሰግን ሰምቼው አላውቅም። ያን ቀን ግን አጭሯን እግሩን አልጋው ላይ ሰቅሎ፣ "እኔ እንኳ እንደዚያ አላወርዳትም ነበር" አለኝ።

መቃብር የሄደው ሰው ሁሉ ይህን በዓይኑ አይቶ ተመልሷል። ልብስ ሰፊውም ነበረ፣ ሀጂም ነበሩ፣ ግማሽ ከተማው ነበረ። ሲያወራው ግን እስከ ዛሬ አንድ ሰው አልሰማሁም።